የተጠረገው አስፋልት

ልጅ ሆኜ አስፋልቱ የእኛ ይመስለኝ ነበር። ለመኪና የተሠራ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ቢነግረኝም በቀላሉ የማምን ልጅ አልነበርኩም። ከደጃችን እስከ ጋሽ ታፈሰ አጥር ያለው የአስፋልቱ ጠርዝ የእማዬ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጋሽ ታፈሰ፤ እሱን አልፎ ያለው ደግሞ የሌላው ጎረቤት። ኅዳር ላይ ቡናው ቀልቶ ሲለቀም ሁሉም በየድርሻው ያሰጣል፤ መኪና እንዳይረግጥበትም በመሀል መንገዱ በኩል ድንጋይ ይደረድራል። በእኔ ቤት መኪናው እንግዳ ነው፣ ባለቤቶቹ እኛ ነን፤ እንግዳ ደግሞ ዞር ብሎ ማለፍ አለበት።

ዛሬ ራሴ ሚዛን ከተማ ባጃጅ እነዳለሁ። በቴፒ መውጫ በኩል ሰው አድርሼ ስመለስ አስፋልት ላይ የተሰጣ ቡና ካየሁ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ የኋላውን በመስታወት አያለሁ፣ ፍሬቻ አሳይቼ ቀስ ብዬ እዞረዋለሁ። ተሳፋሪው «ምን ሆነሽ ነው እህት፣ ባዶ መንገድ ላይ?» ይለኛል። እኔም «ምንም አልሆንኩም፣ አርፈህ ተቀመጥ» እለዋለሁ። ለተሳፋሪ ሁሉ ይህን ታሪክ እያወራሁ እንጀራዬን ልበላ አልችልም።

መንደራችን ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። አባዬ ቴፒ የቀን ሥራ ስለነበረው የምናየው ከስንት አንዴ ነው፤ ቤቱንም ቡናውንም የያዘችው እናቴ የሺሃረግ ናት። በዚያ ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሆዷ ገፍቷል። ቡናውን የምታገላብጠው በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ የጎረቤት ዶሮና ፍየል ቡናው ላይ እንዳይወጣ ማባረር ነበር። ያን ሥራዬን ከትምህርት ቤት አስበልጬ እወደው ነበር፤ ዱላ አለኝ፣ ሥልጣን አለኝ፣ ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት ቡና የሚሰጣው ጓሮ ውስጥ መሬት ላይ ነበር። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ወር አይመርጥም፤ ጠዋት የተሰጣው ቡና ከሰዓት በኋላ ጭቃ ውስጥ ነው። ይሻግታል፤ ነጋዴው እፍኝ አንስቶ ያሸትና ፊቱን ያጨማድዳል። የግብርና ባለሙያው በመጣ ቁጥር «ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ ሥሩ» ይላል። አልጋው እንጨት ይፈልጋል፣ ሽቦ ወንፊት ይፈልጋል፣ የሚሠራ ወንድ ይፈልጋል፤ ሰዉ ሁሉ «እሺ» ብሎ ይሸኘዋል። አስፋልቱ ሲነጠፍ ግን ያ ሁሉ ጣጣ ቀረ። ፀሐይ ከላይ፣ የጋለው ሬንጅ ከሥር፤ ቡናው በአጭር ጊዜ ከነቅርፊቱ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። እማዬ «እግዜር ራሱ የዘረጋልን ሸራ ነው» ትል ነበር።

አስተማሪያችን ቲቸር አልአዛር ይባላል። የጌጫ ልጅ ነው፤ እኛ ትምህርት ቤት ተመድቦ መጥቶ፣ ወደ ሚዛን ወረድ ብላ ባለች ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጠዋት በሳይክል ይመጣል፣ ከሰዓት በሳይክል ይመለሳል። በእኛ ደጅ ሲያልፍ ሁሌም ደወሉን ያንቃጭልልኛል፤ እኔም ዱላዬን አነሳለታለሁ። አንድ ቀን ክፍሉን ሁሉ ወደ ሜዳ አወጣንና በእንጨት መሬቱ ላይ መንገድ ሣለ። አንዱን ልጅ አይሱዙ አደረገው፣ አንዷን እግረኛ፣ አንዱን ሳይክል። «እግረኛ በግራ በኩል ይሄዳል፣ የሚመጣበትን መኪና በዓይኑ እንዲያይ። ሳይክል በቀኝ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። መኪናም የሁለቱን ቦታ አይነካም» አለን። አይሱዙ የሆነው ልጅ «ድድድድ» እያለ ሁላችንንም ገጭቶ ጨረሰን፤ ሳቅን።

«ቲቸር፣ ጠርዙ ላይ ቡና ተሰጥቶ ከሆነስ?» አለች እግረኛዋ።

ቲቸር አልአዛር ጠመኔ የያዘበትን ኪሱን ሲዳብስ ቆየና፣ «ያኔማ ቆማችሁ፣ ኋላና ፊታችሁን አይታችሁ ነው የምታልፉት» አለ። ከዚያ ደወል ተደወለ።

በዚያው ሰሞን ሳይክሉን እየገፋ ደጃችን መጥቶ ከእማዬ ጋር ሲያወራ አየሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ እጁን ወደ ድንጋዮቹ ይዘረጋል፣ ይመልሳል፤ «እትዬ የሺ፣ እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ልጆቹም…» ሲል ሰማሁት። እማዬ «እሺ፣ እሺ፣ ይሁን እናያለን» እያለች ወደ ቤት ገባችና በፌስታል የተቆላ ቡና ይዛ ወጣች። «አይ፣ እኔ እኮ…» ቢላትም እሷ የሳይክሉ መሪ ላይ አንጠለጠለችለት። እሱም አመስግኖ ሄደ። እኔ በማግሥቱ ለጓደኞቼ «ቲቸር ቡና ለምኖ እማዬ ሰጠችው» ብዬ አወራሁ። ድንጋዩን አንሺ ሊላት መጥቶ በቡና ስጦታ አፉ ተዘግቶ እንደሄደ የገባኝ ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ በኋላ ነው። በእኛ አገር ሰውን ዝም ማሰኘት ሲፈለግ አይቆጡትም፤ ያከብሩታል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ፀሐዩ ለጉድ ነበር። እማዬ ቡናውን አገላብጣ ጨርሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ከዱላዬ ጋር ቆሜያለሁ። ቲቸር አልአዛር ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሩቅ አየሁት። ደወሉን አንቃጨለ። የእኛ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ጠርዙን ትቶ ወደ መሀል ወጣ፤ ሌላ መሄጃ አልነበረውምና። ከኋላው የጎረቤታችን ልጅ የሱሀይብ አይሱዙ ሙዝ ጭኖ ከቴፒ እየመጣ ነበር። ጎማው ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ያንን ሌላውን ድምፅ ሰማሁ። እሱን ድምፅ አልገልጸውም።

ዓይኔን ስገልጥ ቡናችን ተበታትኗል። ከቲቸር ኪስ የወደቀው ጠመኔ ቀዩ ቡና መሀል ተሰባብሮ ነጭ ነጭ ይላል። እኔ ቲቸር ነገ በምን ይጽፋል ብዬ ጠመኔውን መልቀም ጀመርኩ። እሱን አላየሁትም፤ እማዬ በነጠላዋ ሸፍናኝ ይሁን ራሴ ላለማየት መርጬ አላውቅም።

ሱሀይብ የእትዬ ማርዋ ልጅ ነው። እትዬ ማርዋ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ስልጤ ናት፤ ከእማዬ ጋር እንደ እህት ናቸው። ያን ቀን ለሱቋ ዕቃ ልትገዛ ገና ሳይነጋ ወጥታ ስለነበር ደጁን አላየችም። እማዬ እኔን ስትወልድ ያረሰቻት እሷ ናት፤ ሱሀይብም እኛ ቤት እየበላ ያደገ ነው፤ አይሱዙ መንዳት ከጀመረ በኋላ እንኳ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ እስከ ወንዙ ወስዶ ይመልሰኝ ነበር። ያን ቀን ከመኪናው ዘሎ ሲወርድ ፊቱ የሌላ ሰው ሆኖብኝ ነበር። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ ጎንበስ አለ፣ ቲቸርን ታቀፈው፣ ሰዎች አገዙት፣ ጋቢናው ውስጥ አስገቡት። «ሆስፒታል አደርሰዋለሁ» አለና ወደ ሚዛን በረረ። ቲቸር አልአዛር መንገድ ላይ አረፈ። ሱሀይብም ከሆስፒታሉ በር ቀጥታ ወደ ፖሊስ ሄዶ እጁን ሰጠ። ያን ጊዜ ሰው ገጭቶ የሚያመልጥ ሾፌር ስንት ነበር፤ እሱ ግን አላመለጠም።

የቲቸር ማረፍ ከተሰማ በኋላ የሆነው ነው እኔ አእምሮ ውስጥ የተጣመመው። ጋሽ ታፈሰ አስፋልቱ መሀል ቆሞ ግራና ቀኝ አየና «ሁሉም ደጁን ያጽዳ፤ ቶሎ፣ ቶሎ» አለ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ተነሣ። ሴቶቹ ቡናውን ወደ ጆንያ ያፍሳሉ፤ ወንዶቹ ድንጋዩን ያነሳሉ፤ ልጆች በቅጠል ይጠርጋሉ። እማዬ በዚያ ሆዷ ጎንበስ እያለች ድንጋዮቻችንን አንድ በአንድ አንስታ ከቤታችን ኋላ ቡናው ሥር ወረወረቻቸው። ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። የመጥረጊያ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

እኔ ይህን አውቀው ነበር። ለጥምቀት ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ሰዉ እንደዚህ ነው የሚያጸዳው፤ ድንጋይ ይለቀማል፣ አቧራ ይጠረጋል፣ የታቦቱን ተሸካሚዎች እንቅፋት እንዳይመታቸው። ቲቸር አልአዛርም ሬሳው በዚህ በኩል ወደ ጌጫ ሊያልፍ ነውና፣ እንዳይንገጫገጭ፣ በክብር እንዲያልፍ ይጠርጉለታል ብዬ አሰብኩ። በመንደሬ ኮራሁ። ከሁሉም በላይ ግን በእማዬ ኮራሁ፤ ነፍሰ ጡር ሆና፣ እያለቀሰች፣ የማንም ሳይሆን የእሷ ደጅ ነበር ከሁሉ የጸዳው።

ትራፊክ ፖሊሷ ስትመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሜትሯን ዘርግታ ለካች፣ የጎማውን ምልክት በኖራ ከበበች። «ሾፌሩ ድንጋይና ቡና ነበር፣ ሟቹ ያንን ሸሽቶ ነው የገባብኝ ይላል። እውነት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«መንገዱ እንደምታዪው ነው» አላት ጋሽ ታፈሰ። «ልጁ ሁሌም በፍጥነት ነው የሚነዳው። ስንቴ መክረነዋል።»

«እርስዎስ እናት? ደጁ የእርስዎ ነው አይደል?»

«እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ» አለች እማዬ። «ድምፁን ሰምቼ ነው የወጣሁት።»

ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ሐዘን ሰውን ያዘናጋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ዝም አልኩ።

የሬሳው ነገር እንዳልኩት ሆነ። የቲቸር እናት ከጌጫ መጥተው ልጃቸውን ይዘው በዚያው በተጠረገው አስፋልት አለፉ። መኪናው እኛ ደጅ ሲደርስ ቀስ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አለቀሰ። የእሳቸው ድምፅ ግን ከሁሉም ይለይ ነበር። ስለዚህ ነገር ሲወራ ሰዎች ስለ ሱሀይብና ስለ እማዬ ነው የሚያወሩት፤ እኔም ይኸው እንደነሱ እያወራሁ ነው። የሞተው ግን ቲቸር አልአዛር ነው። ጥፋቱ የማንም ቢሆን፣ መንገዱን በትክክል ይዞ የሄደው እሱ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ማታ ጋሽ ታፈሰና ሌሎች ጎረቤቶች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ መደቡ ላይ የተኛሁ መሰላቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበርና የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። «ቃላችን አንድ ይሁን» ይላል ጋሽ ታፈሰ። «አንቺን ብቻ መሰለሽ የሚይዙት? የሁላችንም ደጅ ነው። መንገዱን ይከለክሉናል፣ ቡናው ጓሮ ሊበሰብስ ነው።» እማዬ አንድ ነገር አለች፣ አልሰማኋትም። «ሆድሽን አታዪም? እዚያ ልትወልጂ ነው?» አላት። ከዚያ አንዲት ሴት ረጋ ብላ፣ «ሱሀይብ ገና ልጅ ነው፣ ያልፍለታል» አለች። እኔ ለሱሀይብ የሚመርቁለት መስሎኝ በሆዴ አሜን አልኩ።

እማዬ ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም አጣች። ጎረቤቱ «ርኅራኄዋ ነው የሚጎዳት» ይላታል። ለሱሀይብ ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። ጎደሬ ትቀቅላለች፣ ሽሮ ትሠራለች፣ በጨርቅ ትቋጥረዋለች፤ እኔን ይዛ፣ ከእትዬ ማርዋ ጋር በሚኒባስ ሚዛን እንወርዳለን። እትዬ ማርዋ መንገዱን ሙሉ ትመርቃታለች። «የሺ፣ ወላሂ እንዳንቺ ያለ ሰው አላየሁም። በዚህ ሆድሽ! ዘመዶቼ እንኳ እንዳንቺ አልሆኑልኝም።» እማዬ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔ ደግሞ መሀላቸው ተቀምጬ በምርቃቱ እጠግባለሁ። ዛሬ ያቺ ሚኒባስ ትዝ ስትለኝ፣ እማዬ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ተቀምጣ እንደቻለችው አላውቅም።

ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ ነበር፤ እሱ ሥር ነው ሱሀይብን የሚያገናኙን። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እማዬን ትክ ብሎ እያየ ይበላ ነበር። በኋላ ግን አንድ ቀን ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ፣ «እትዬ የሺ፣ ድንጋዩን አንቺ ታውቂዋለሽ» አላት።

«ብላ ሱሀይቤ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

«ፈጥኜ ነበር፤ እሱን አልክድም። ከቴፒ ዘግይቼ ወጥቼ ነበር። ግን ጠርዙ ነጻ ቢሆን ቲቸር መሀል አይገባም ነበር። አንድ ሰው እንኳ ይህን ካልተናገረልኝ፣ ዐቃቤ ሕጉ መንገዱ ነጻ ነበር ብሎ ዕድሜዬን ነው የሚያስፈርድብኝ።»

እትዬ ማርዋ ብድግ አለች። «አሁንም ድንጋይ? ሰው ገድለህ ድንጋይ ታመካኛለህ? መንደሩ ሁሉ ያን ቀን አልነበረም እያለ? አላህን ፍራ ልጄ። ሐቁን ተናገርና ቅጣትህን ተቀበል፤ ውሸታም ልጅ አላሳደግኩም።»

ሱሀይብ እናቱን አየ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ የሚል ቃል አልወጣውም። እማዬ ሳህኑን አጠበች፣ ጨርቁን አጣጠፈች፤ ፈትታም እንደገና አጣጠፈችው። እኔ የደከማት መሰለኝ።

ክሱ ሊመሠረት ነው የተባለ ሰሞን እንደገና ሄድን። ያን ቀን እትዬ ማርዋ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሆድ ብሷታል። ሱሀይብ እየበላ ነው፤ እማዬ ከጎኑ ውኃ ይዛ ቆማለች። እትዬ ማርዋ እኔን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ፀጉሬን እየዳበሰች፣ «ረድኤትዬ፣ የእናትሽን ልብ ያድልሽ። እንደሷ ደግ ሁኚ እሺ? ይህን ውለታዋን በምን እከፍለዋለሁ?» አለችኝ።

እኔ እማዬ ስትመሰገን ደስ ይለኛል። የሚጨመር ምስጋና ደግሞ ነበረኝ፤ ማንም ያላነሳላት፣ እሷም ራሷ የማትናገረው። «ለቲቸርም ደግ ነበረች» አልኳት። «ሬሳው ሲያልፍ እንቅፋት እንዳይሆንበት ድንጋዩን ሁሉ ለብቻዋ ነው ያነሳችው። እያለቀሰች። ቡናውንም አፍሳ ጠረገችለት፣ ልክ ለጥምቀት እንደሚጠረገው።»

ሱሀይብ ማኘኩን አቆመ።

«የቱን ድንጋይ?» አለችኝ እትዬ ማርዋ።

«የእኛን ነዋ። ቡናችን ዳር የደረደርነውን። ከቤታችን ኋላ አለ፤ አሳይሻለሁ።»

ፀጉሬ ላይ የነበረው እጇ እዚያው ቀረ። እማዬን ቀና ብላ አየቻት። እኔም አየኋት። «ልጅ ናት» ማለት ትችል ነበር፤ «ሕልም አይታ ነው» ማለት ትችል ነበር፤ ትልቅ ሰው ልጅን የሚያስተባብልበት ስንት ዘዴ አለ። እማዬ አንዱንም አላለችም። ውኃውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የሺ፣ እውነት ነው?»

እማዬ አንገቷን ደፋች።

እትዬ ማርዋ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። «ልጄን ውሸታም አልኩት» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «እዚሁ ቦታ። አንቺ ሳህን ይዘሽ አጠገቤ ቆመሽ። እኔ እናቱ ውሸታም አልኩት፣ እሱም ዝም አለኝ።» ከዚያ ወደ ሱሀይብ ዞረች፤ ልትነካው እጇን ዘረጋች፣ ግን መንካቱን ፈራች። ሱሀይብ ራሱ ነው እጇን ይዞ ግንባሩ ላይ ያደረገው።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ማርዋ» አለች። «ረድኤትን ያዢልኝ።» ሆዷን በእጇ ደግፋ ግቢውን አቋርጣ ወደ ቢሮው ሄደች። በሩ ላይ ያቺ ሜትር ይዛ የመጣችው ትራፊክ ፖሊስ ቆማ ነበር። እማዬ አንድ ሁለት ቃል ነገረቻት፤ ፖሊሷ ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ በሩ ተዘጋ።

እኔ እማዬ ለሱሀይብ ልታማልድ የገባች መስሎኝ ነበር። ጠበቅናት፤ አልወጣችም። ቆይቶ ፖሊሷ ወጥታ ለእትዬ ማርዋ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ እትዬ ማርዋም ራሷን ነቀነቀችና እጄን ያዘች። በጣም አጥብቃ ስለያዘችኝ ጣቶቼን አመመኝ፤ ግን አልተናገርኩም።

በኋላ የሆነውን ትልቅ ስሆን ነው ሰብስቤ ያወቅኩት። ፖሊሶች በማግሥቱ ሄደው ድንጋዮቹን ከቤታችን ኋላ አገኙ፤ ጋሽ ታፈሰም ሌላውም እየተጠራ ቃሉን አስተካከለ። ፍርድ ቤቱ ሱሀይብ መፍጠኑን ጥፋት ብሎ ቀጣው፤ ግን የመንገዱን መዘጋት አይቶለት ቅጣቱን አቀለለት፤ አንድ ክረምት ታስሮ ወጣ። እማዬም ጥቂት ቀን ታስራ በዋስ ተለቀቀች፤ በኋላ በገደብ ተፈረደባት፤ ወንድሜን የወለደችው ቤቷ ነው። መንደሩ ግን ለረጅም ጊዜ አኮረፋት። ሰላምታ የሚነፍጋት፣ ቡናችንን ጓሮ አበሰበሰችው የሚላት ብዙ ነበር። የሚገርመው፣ በሁለተኛው ኅዳር ያው ሰው ሁሉ ቡናውን ወደ አስፋልቱ መለሰ፣ ድንጋዩንም ደረደረ። ከእማዬ በቀር። እሷ አባዬን ለምና ጓሮአችን ውስጥ አልጋ አሠራች፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ላይ ነው የምታደርቀው። ስለዚያ ቀን ግን እኔና እሷ አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም። ስትሞትብኝ እንዳይቆጨኝ እላለሁ፣ ደግሞ አፌን ስከፍት ፊቷን አይና እተወዋለሁ።

ያን ቀን ግን እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው እማዬ ሚዛን መቅረቷን ነው። አባዬ ቴፒ ስለሆነ ቤታችን ሰው የለም፤ እትዬ ማርዋ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። በሚኒባስ ተመለስን። ስንወርድ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አቁማኝ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ እንደገና ግራ አየች፤ ምንም የሚመጣ መኪና የለም፣ እሷ ግን ቆማ ቀረች። እጇን ሳብ ሳደርጋት ነው የተሻገርነው።

ከሱቋ በስተኋላ ባለችው ክፍል በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ገና አልመሸም፤ በበሩ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ነበር። እሳቱን አቀጣጠለች። አንድ ድስት አነሳችና አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፤ ከመደርደሪያው ላይ ሌላ አወረደች፣ በአመድና በውኃ ፈትጋ አጠበችው። ስትሠራ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። አንዳንዴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ጭሱ ነው አልኩ።

የእማዬና የእሷ ነገር ግን እየከነከነኝ ነበር። የእኔ ወሬ አንድ ነገር እንደሰበረ ገብቶኛል፣ ምኑን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ሳህኑን ፊቴ ስታስቀምጥልኝ ጠየቅኳት።

«እትዬ ማርዋ፣ እማዬን ተቀይመሻታል?»

ትዋሸኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመልስ «ኧረ በፍጹም» ነው የሚለው። እሷ ግን ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኔን አየችኝ።

«አዎ» አለች። «ተቀይሜአታለሁ። የሚለቀኝም አይመስለኝም።» ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ብዪ አንቺ። ጾም ላይ አይደላችሁ? በዘይት ነው የሠራሁት፤ ድስቱንም ቅቤ አልነካውም።»